የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ራሳችሁ ስትቀይሩ መጀመሪያ መሙያውን ፍቱ

የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት መቀየር የሞተር ዘይት ለቀየረ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ ብሎን ትፈታላችሁ ታፈሳላችሁ ትሞላላችሁ። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ ሞተር በትንሽ ስህተት ዝም ሊላችሁ ይችላል፣ ካምቢዮ ግን የዘይቱን ዓይነትና መጠን ካልጠበቃችሁለት ዝም አይልም። ምክንያቱም እዚህ ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፣ ማርሽ የሚያስገባው እኮ የዘይቱ ግፊት ነው፣ ውስጥ ያሉትን ክላቾች የሚያጣብቀው እሱ፣ የሞተሩን ጉልበት በቶርክ ኮንቨርተር (ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው እቃ) በኩል የሚያሻግረው እሱ፣ ሙቀቱን ይዞ የሚወጣውም እሱ ነው።

ስለዚህ ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናውን ማንዋል አንብቡ፣ ወይ ዲፕስቲክ (የዘይት መጠን መለኪያ ዘንግ) ካለው አውጥታችሁ እዩት ብዙ ጊዜ የዘይቱ ስም እላዩ ላይ ተቀርጿል። ቀይ ስለሆነ ሁሉም አንድ አይደለም። ቶዮታ ላይ ቲ-4 የሚባለውን ዘይት የሚጠይቅ ካምቢዮ እና ደብሊው ኤስ የሚባለውን የሚጠይቅ ካምቢዮ ይለያያሉ፣ አንዱን በሌላው አትተኩ። ዴክስሮን 6 የሚባለው ዘይት ዴክስሮን 3 ለሚጠይቅ ካምቢዮ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሰራው፣ በተቃራኒው ግን አይሆንም። ሲቪቲ (ማርሽ በደረጃ የማይቀይር የካምቢዮ ዓይነት) ከሆነ ደሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው የራሱ ዘይት አለው፣ ተራ የካምቢዮ ዘይት ሲቪቲ ውስጥ እንዳትጨምሩ። "ለሁሉም ይሆናል" የሚል ጣሳ እኔ አልገዛም፣ በዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ አትሞክሩ።

መቼ ይቀየር ለሚለው ማንዋሉ ያለውን ተከተሉ፣ አንዳንዱ ዕድሜ ልክ አይቀየርም ይላል ግን ዘይት በሙቀት ይደክማል፣ በየ60,000 እስከ 100,000 ኪሎሜትር መቀየር ለብዙ መኪና ጥሩ ነው፣ ከባድ ጭነት የሚጎትት ከሆነ ከዛም ቀደም ብሎ። ካምቢዮው ቀድሞ መንሸራተት ከጀመረና ዘይቱ የተቃጠለ ከሸተተ ግን አዲስ ዘይት ያለቀ ክላች አይመልስም፣ እሱን ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

አሁን ወደ ስራው። መኪናውን አስር ደቂቃ ያህል ንዱት ዘይቱ ይሙቅ ግን እጅ እስኪያቃጥል መሆን የለበትም፣ ለጥ ያለ ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ስር ታኮ አድርጉ፣ በክሪክ ካነሳችሁት በኋላ በጠንካራ ስታንድ ደግፉት። በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለ መኪና ስር በፍጹም እንዳትገቡ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

ከዛ ከማፍሰሻው በፊት መሙያውን ፍቱ። ዲፕስቲክ ያለው መኪና ከሆነ ብዙ ጊዜ መሙያው የዲፕስቲኩ ቀዳዳ ራሱ ስለሆነ ችግር የለም፣ የሌለው ከሆነ ግን ካምቢዮው ጎን ላይ ወይ ከላይ በኩል የመሙያ ብሎን አለው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስሰራ ማፍሰሻውን በደስታ ፈትቼ ዘይቱ ሁሉ ወረደ፣ መሙያው ጋ ስደርስ ዝጎ ተጣብቋል፣ ስታገል ጭንቅላቱ ተላጠ፣ መኪናው ካምቢዮው ባዶ ሆኖ ሁለት ቀን ስታንድ ላይ ቆመ። መሙያውን ቀድማችሁ ሞክሩት፣ እምቢ ካለ ዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ ጠብቁት፣ እስከዛ አሮጌው ዘይት ውስጥ ስላለ መኪናው ይሄዳል።

ስታፈሱ የወጣውን ዘይት አንድ ጠብታ ሳታባክኑ ያዙት፣ ከዛ ሊትሩ በተጻፈበት እቃ ገልብጣችሁ ለኩት፣ የሚመለሰው ያንኑ ያህል ነው። ማፍሰሻ ብሎን የሌለው ካምቢዮ ከሆነ ደሞ ከስሩ ያለውን ትሪ መሳይ ፓን መፍታት አለባችሁ፣ ሁሉንም ብሎን አንዴ አታውጡ፣ በአንድ በኩል ያሉትን ላላ አድርጋችሁ ተዉና ሌሎቹን ፍቱ ፓኑ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሎ ቀስ እያለ ይፈሳል፣ አለዚያ ሙሉው ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው።

ዘይቱን ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጋችሁ እዩት። ቀይ ወይ ቡናማ ነገር ከሆነ ችግር የለውም፣ ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ክላቾቹ እየተበሉ ነው፣ ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ከመሰለ ደሞ ራዲያተር ውስጥ ባለው ማቀዝቀዣ በኩል ውሃ ገብቷል ማለት ነው፣ ያኔ ዘይት ቀይሮ መንዳት አይሆንም። ፓኑን ከፈታችሁ ውስጡ የተለጠፉ ማግኔቶች ታገኛላችሁ፣ ላያቸው ላይ ግራጫ ጭቃ ነገር ተጎዝጉዟል፣ በጣት ሲታሽ እንደ ጥርስ ሳሙና ለስላሳ ከሆነ ጤነኛ ነው ደቃቅ የብረት አቧራ ነው፣ ጣታችሁን የሚወጋ መርፌ መሳይ ብረት ወይ ስብርባሪ ካለ ግን ውስጥ የሆነ ነገር ተሰብሯል። ማግኔቶቹን ጥርግ አድርጋችሁ ቦታቸው መልሱ፣ የሚቀየር ፊልተር ካለው ቀይሩ፣ የድሮውን ጋስኬት (የፓኑ ማሸጊያ) ቅሪት ሳትፍቁ አዲሱን እንዳትገጥሙ፣ ስትፍቁ ግን አሉሚኒየሙን እንዳትቧጭሩት።

የፓኑ ብሎኖች ትናንሽ ናቸው፣ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው ዘይት እንዳያፈስ ብሎ በሙሉ ጉልበቱ ያጠብቃል፣ ጋስኬቱ ወደ ውጪ ይፈነጠራል ወይ የብሎኑ ጥርስ ይበላል ያኔ ጭራሽ ያፈሳል። በብዙ መኪኖች ከ10 ኒውተን ሜትር ብዙ የማይርቅ ነው፣ ትክክለኛውን ቁጥር የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ እዩ፣ አንዱን ጠበቅ አድርጋችሁ ወደ ማዶው እየተሻገራችሁ በየተራ አጥብቁ።

ሙሉት፣ በለካችሁት ልክ፣ በረጅም ፈነል ቀስ ብላችሁ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ይግባችሁ፣ ዘይቱ ሁሉ አልወጣም፣ ብዙው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ነው የቀረው። ለምሳሌ ጠቅላላው 8 ሊትር ሆኖ 3 ሊትር ከወጣ አሮጌው 5 ሊትር አለ ማለት ነው፣ ጥቂት ቀን ነድታችሁ ደግማችሁ ብትቀይሩ አሮጌው ወደ 3 ሊትር ይወርዳል፣ ሶስተኛ ብትደግሙ ወደ 2። እኔ በግፊት የሚያጥብ ማሽን ከመጠቀም ይሄን ነው የምመርጠው፣ ቀስ እያለ ስለሚታደስ ለብዙ ዘመን ያልተቀየረ ካምቢዮ ላይ በተለይ።

መጠኑን ማየት ደሞ ዋናው ነው። ዲፕስቲክ ካለው ሞተሩን አስነስታችሁ ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን ከፒ ጀምራችሁ በየቦታው ሁለት ሶስት ሰከንድ እያቆያችሁ ዞራችሁ ወደ ፒ መልሱ፣ ዘይቱ በደንብ ሲሞቅ ሞተሩ እየሰራ ሆት የሚለው ምልክት ላይ ይታያል፣ እንደ ብዙዎቹ ሆንዳ ያሉት ግን ሞተር አጥፍታችሁ ወዲያው ነው የሚለኩት፣ ማንዋሉን እዩ። ዲፕስቲክ የሌለው ከሆነ ብዙ ጊዜ የመትረፊያ ብሎን (ትርፉ ዘይት የሚወጣበት) አለው፣ መኪናው በአራቱም በኩል እኩል ተነስቶ ለጥ ብሎ፣ ሞተሩ እየሰራ፣ ዘይቱ ማንዋሉ ያለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ብሎኑን ስትፈቱ በቀጭኑ ጠብ ጠብ እስኪል ይጠበቃል። የዘይቱን ሙቀት በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው መሳሪያ) ብታነቡት ይሻላል፣ በግምት አይሆንም፣ ዘይት ሲሞቅ ስለሚያብጥ ቀዝቃዛ ሆኖ የለካችሁት ሲሞቅ ተርፎ ታገኙታላችሁ። ሲበዛ የሚሽከረከረው እቃ ይመታውና አረፋ ይሆናል፣ ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ሁለቱም ውጤታቸው አንድ ነው ግፊት ይጠፋል ክላች ይንሸራተታል ካምቢዮ ይሞቃል።

በመጨረሻ አጭር ንዱት፣ ተመልሳችሁ ከስሩ እርጥብ ነገር ካለ እዩ፣ በማግስቱ ደግሞ መጠኑን እንደገና እዩ። አሮጌውን ዘይት ቦይም መሬትም ላይ አትድፉት፣ ክዳን ባለው ጀሪካን አድርጋችሁ ያገለገለ ዘይት ለሚቀበሉ ሰዎች ስጡ። ኪሎሜትሩን፣ የዘይቱን ስም እና ስንት ሊትር እንደወጣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማንዋሉ ውስጥ አስቀምጡ፣ ለሁለተኛው ዙር ስትመለሱ ያ ቁጥር ነው መጀመሪያ የምትፈልጉት።