ሲቲ ኦፍ ሂሮስ፦ ክላሶቹን እንዴት መጫወት ይቻላል

አዲስ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ክላስ (የጀግናውን የሥራ ዓይነት) የሚመርጠው እሳት መወርወር ወይም መብረር ስላማረው ነው። ልዕለ ኃያል ጀግና ሆነው በሚጫወቱበት የኦንላይን ጌም በሲቲ ኦፍ ሂሮስ ግን መብረር ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ እሳቱንም ታንከሩም (ምት ተቀባዩ)፣ ብላስተሩም (ከሩቅ የሚመታው)፣ ኮንትሮለሩም (ጠላት የሚያስረው) ያገኙታል። ልዩነቱ ያለው ውጊያው ሲጀመር ከእናንተ የሚጠበቀው ሥራ ላይ ነው። ሥራውን ያላወቀ ሰው ደረጃ 50 ደርሶም ቲሙን ያስገድላል።

ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ተጀምሮ በ2012 ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ተጫዋቾች ራሳቸው በሚያስተዳድሩትና በ2024 ከባለቤቱ ከኤንሲሶፍት ፈቃድ ባገኘው ሆምካሚንግ ላይ በነጻ ይገኛል። ላውንቸሩን አውርዱ፣ አካውንት ክፈቱ፣ ሰው የሚበዛበትን ሰርቨር ምረጡ። ኤክሰልሲየር ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ቲም ፍለጋ አያስቸግርም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫወት ሰው የምመክረው ስክራፐር ወይም ብሩት ነው። ሁለቱም ተጠግተው የሚመቱ፣ የራሳቸው መከላከያ ያላቸው፣ ብቻቸውንም የሚሄዱ ናቸው። ስክራፐር አልፎ አልፎ እጥፍ ጉዳት የሚያደርስ ምት ያገኛል፤ ብሩት ደግሞ በመታና በተመታ ቁጥር የቁጣ መለኪያው እየሞላ ምቱ ይበረታል። ስለዚህ ብሩት ይዞ በአንዱ ውጊያና በሚቀጥለው መካከል ቆሞ ማረፍ ኪሳራ ነው፤ መለኪያው ይወርዳል።

ደረጃ ስትጨምሩ የምታገኟቸውን ስሎቶች (ማጠናከሪያ የሚገባባቸው ቦታዎች) ለሁሉም ችሎታ እኩል አታካፍሉ። አንድ ችሎታ እስከ 6 ስሎት ይይዛል። ዋና ዋና ምቶቻችሁን ሙሉ ስድስት አድርጉና አንድ የትክክለኛነት፣ ሦስት የጉዳት፣ አንድ የኃይል ቁጠባ፣ አንድ የፍጥነት ኢንሀንስመንት (ማጠናከሪያ) ክተቱባቸው። ሦስት ተራ የጉዳት ኢንሀንስመንቶች ምቱን 95 በመቶ ገደማ ያሳድጉታል። አራተኛውን ብትጨምሩ ጌሙ ራሱ ስለሚቀንሰው ከአምስት በመቶ ያልበለጠ ነገር ነው የሚጨመርላችሁ፤ ስሎቱን ማባከን ነው።

የመከላከያ ቁጥር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በደረጃ እኩያችሁ የሆነ ተራ ጠላት ሲመታችሁ የማግኘት ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ የእናንተ መከላከያ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ከ5 በመቶ በታች ግን አይወርድም። ስለዚህ ጣሪያው 45 ነው። መከላከያችሁ ከ0 ወደ 5 ሲያድግ ከአሥር ምት አንዱን ብቻ ነው የሚያስቀርላችሁ፤ ከ40 ወደ 45 ሲያድግ ግን የሚያገኛችሁ ምት በግማሽ ይቀንሳል። ሠላሳ ላይ ደርሶ «ይበቃኛል» ብሎ መተው በጣም ጎጂው ቦታ ላይ ማቆም ነው። 45 እስክትደርሱ ድረስ ትንንሾቹን ሐምራዊ ኢንስፒሬሽኖች (ተውጠው ለአጭር ጊዜ የሚያጠነክሩ ዕቃዎች) ያዙ። እያንዳንዷ ለአጭር ጊዜ 12.5 በመቶ መከላከያ ትሰጣለች፤ አራቱን አንድ ላይ ከዋጣችሁ ምንም መከላከያ የሌለው ብላስተር እንኳን ጣሪያውን ያልፋል። የማያስፈልጓችሁ ቀለሞች ካሉ ሦስት ተመሳሳዮችን አዋህዳችሁ ወደ ሐምራዊ ለውጧቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር፦ ጠላት መሳብ። ስምንት ሰው የሞላ ቲም ክፍል ውስጥ ሲገባ ጠላት ወለሉ ላይ ተበትኖ ይቆማል። ታንከሩ መሀል ገብቶ ቢመታ ጠመንጃ የያዙት ከሩቅ እያነጣጠሩ ይቀራሉ። የብላስተሩ ፋየር ቦል እስከ 16 ጠላት ድረስ ሊመታ ይችላል፤ ግን ከመሀሉ ዙሪያውን 15 ጫማ ብቻ ስለሚደርስ በተበተነ ክፍል ሦስት አራቱን ብቻ ለብልቦ ያልፋል። መፍትሔው ማዕዘን ነው።

ታንከሩ ከመግባቱ በፊት በሩ አጠገብ ያለ ግድግዳ ይመረጣል። ሌሎቹ ከግድግዳው ጀርባ፣ ጠላት ከሚመጣበት መስመር ወጣ ብለው ይቆማሉ። ታንከሩ ይገባል፣ መሀል ያለው ላይ ታውንት (ጠላትን ወደ ራሱ የሚስብበትን ችሎታ) ይጥላል፣ ወዲያው ይመለሳል። ታውንት አምስት ጠላት ድረስ ይይዛል፤ የተያዘው የተኩስ ርቀቱ ስለሚያጥር ተጠግቶ ለመምታት ይገደዳል። ከዚያ ታንከሩ ማዕዘኑን ዞሮ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቆማል። በሩ ላይ አይቆምም! ጠላት ካየው ካለበት ሆኖ ይተኩሳል፤ ካላየው ግን ሊያየው ሲል ማዕዘኑን ዞሮ ይመጣል፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይከማቻል። ሦስት አራት ሰከንድ ታገሱ። ታንከሩ የመጀመሪያውን ከባድ ምት ሲያሳርፍ ያኔ ሁሉም ምቱን ይለቃል።

ይህ የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የቸኮለ ብላስተር ነው፤ ጠላት ገና መንገድ ላይ ሳለ ከተኮሰ ወደ እሱ ይዞርበታል። ሁለተኛውና የባሰው ኮንትሮለሩ በጅምላ እግር የሚያስረውን ችሎታ ቀድሞ ሲለቅ ነው። የታሰረው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሮ ከሩቅ መተኮስ ይጀምራል፤ ታንከሩ የሠራው ሁሉ ውሃ በላው። ማሰር ከተከማቹ በኋላ ነው፣ ያኔ እንዲያውም አምልጠው እንዳይበተኑ ይረዳል። ሦስተኛው ኢነርጂ ብላስት የሚባሉትን ምቶች የያዘ ሰው ነው፤ ምቱ ጠላትን ወደ ኋላ ወርውሮ ክምሩን ይበትነዋል። በጨረታ ቤቱ የሚሸጠውን፣ ውርወራውን ወደ ተራ መውደቅ የሚቀይረውን የሰደን አክሰለሬሽን ኢንሀንስመንት በጅምላ የሚመቱት ችሎታዎች ላይ አንድ አንድ ይክተትባቸው። እስኪገዛ ድረስ ጠላትን ወደ ግድግዳው በሚገፋ አቅጣጫ ይቁም። አራተኛው የታንከሩ ስግብግብነት ነው፤ በአንድ ጊዜ እሱን የሚያሳድደው ጠላት ከ17 አይበልጥም። ሁለት ቡድን አንድ ላይ ጎትቶ ከመጣ ትርፉ የሚሄደው ወደ ደካሞቹ ነው።

ብላስተር ከሆናችሁ ጠላት በማውዝ እየመረጣችሁ አትድከሙ። ታንከሩን ምረጡና ተኩሱ፤ ምቱ በቀጥታ እሱ ወደመረጠው ጠላት ይሄዳል። በዚህች ብቻ ብዙ ሞት ይቀራል።

ኮንትሮለር የቁጥር ክላስ ነው። ተራው ጠላት ከመታሰር የሚጠበቀው በ1፣ መካከለኛው (ሌተናንቱ) በ2፣ አለቃው (ቦሱ) በ3 ነው። የእናንተ እስር መጠን በመደበኛው 3 ነው፤ ለመያዝ ደግሞ መብለጥ አለበት። ስለዚህ አንድ ጊዜ አስራችሁት ቦሱ መምታቱን ቢቀጥል ችሎታው አልተበላሸም፤ የመጀመሪያው ሳያበቃ ሁለተኛ ድገሙበት። የታሰረ ጠላት ከእናንተ እጥፍ ጉዳት ስለሚደርስበት ብቻችሁን ስትሄዱ መጀመሪያ እሰሩ፣ ከዚያ ምቱ።

ዲፌንደርን «ሐኪም» እያሉ የሚጠሩት ክላሱን አያውቁትም። አረንጓዴውን የጤና መለኪያ እያዩ ከመሙላት ይልቅ ጠላትን ማዳከምና ጓደኛን ማጠንከር ይበልጣል፤ ያልደረሰ ጉዳት አይታከምም። ራዲዬሽን የሚባለውን የችሎታ ስብስብ የያዙ ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ ሁለቱ ዋና ማዳከሚያዎች አንድ ጠላት ላይ ተለጥፈው ነው በዙሪያው ያሉትን የሚያዳክሙት። ያ ጠላት ከሞተ ማዳከሙ አብሮት ይጠፋል። ተራው ላይ ከለጠፋችሁት በአንድ ምት ይሄድባችኋል፤ ቦሱ ላይ ወይም ሌተናንቱ ላይ ለጥፉና «ይህን መጨረሻ» ብላችሁ ጻፉላቸው።

ማስተርማይንድ ስድስት አጃቢ ይዞ ስለሚዞር ጠባብ ዋሻ ውስጥ መንገድ ይዘጋል፤ ለዚህ ሲሉ ቲማቸው ውስጥ የማይፈልጉት ሰዎች ትንሽ እውነት አላቸው። ያም ሆኖ ብቻውን ከሚሄዱት ሁሉ ለመግደል አስቸጋሪው እሱ ነው፣ አጃቢዎቹ «ተከተል» እና «ተከላከል» ላይ እስከሆኑ ድረስ። እንደዚያ ሲሆኑ እናንተ ላይ የሚያርፈውን ምት አቅራቢያችሁ ያሉት ሁሉ ይካፈሉታል፣ የመታችሁንም ራሳቸው ይመልሱለታል። «አጥቃ» ብላችሁ ያዘዛችሁት ግን ከመካፈሉ ይወጣል። ስለዚህ ሦስቱን ትንንሾች ብቻ ላኩ፤ ሁለቱን መካከለኞችና ትልቁን ከጎናችሁ አስቀሩ።