የራስን ጭነት በተሳቢ ለመንዳት፦ ፈቃዱና ወደ ኋላ መንዳት

ጎንደር ውስጥ ከመተማ በኩል ሰሊጥ የሚያመጣ ቤተሰብ መኪና በገዛ ቁጥር አንድ ንግግር እሰማለሁ፦ «የራሴን ጭነት በራሴ መኪና ብነዳ ማን ይጠይቀኛል?» እኔም ብዬው ነበር። የመንጃ ፈቃድ ምድብ የሚወሰነው ግን በተሽከርካሪው ዓይነት ነው። ጭነቱ የማን እንደሆነ፣ ኪራይ ይከፈልበት አይከፈልበት ለውጥ አያመጣም። መድን የገባችሁበትን ውልም ገልጣችሁ አንብቡ፤ ለመኪናው የሚመጥን ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ ለደረሰ ጉዳት የማይከፍል አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አለበት።

መጀመሪያ ምድቡን ለዩ። ደረቅ 1 እና ደረቅ 2 ተሳቢ ለሌላቸው የጭነት መኪናዎች ናቸው፤ ተሳቢ ከተቀጠለ ደረቅ 3 ያስፈልጋል። ነዳጅ የሚጭን ቦቴ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፦ ፈሳሽ 1 ያለ ተሳቢ፣ ፈሳሽ 2 ከተሳቢ ጋር። ለምድባችሁ የሚጠየቀውን ዕድሜ፣ ትምህርትና የነባር ፈቃድ ሁኔታ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ አጣሩ። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1074/2010ንም ማንበብ አይከፋም።

የጤና ምርመራው፣ ምዝገባውና የጽሑፍ ፈተናው ብዙ አያስቸግሩም። ምልክቶቹን አጥኑ፣ በቃ።

ሰው የሚወድቀው ወደ ኋላ ሲነዳ ነው። እኔም የወደቅሁት እዚያ ላይ ነው። የተለማመድሁት ፊቱ በመኪናው ጀርባ ላይ በሚቀመጥ ከፊል ተሳቢ ነበር፤ ለፈተና የቀረበልኝ ደግሞ ከፊትም ከኋላም ጎማ ያለው፣ በብረት ዘንግ የሚጎተት ሙሉ ተሳቢ። አንድ ዓይነት መስለውኝ በለመድሁት መንገድ መሪውን አዞርሁ። ተሳቢው ወዳላሰብሁት ጎን ታጠፈ፣ ለማቃናት ስታገል ጭራሽ ባሰበት፣ የአየር ቱቦውም ተወጥሮ ተበጠሰ። አየር ሲያጣ ፍሬኑ ስለሚይዝ የተሳቢው ጎማዎች ያኔውኑ ተያዙ፤ ሜዳው መካከል ቆሜ ቀረሁ።

ልዩነቱ የመታጠፊያው ቁጥር ነው። ከፊል ተሳቢ አንድ መታጠፊያ ስላለው መሪው በተቃራኒ ይሠራል፦ የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ እንዲሄድ መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል። መሪውን ከታች በኩል ይዛችሁ እጃችሁን ጭራው እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት ጎን ብትገፉ አይምታታባችሁም። ሙሉ ተሳቢ ግን ሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ አንዱ ሌላውን ስለሚገለብጠው መነሻው ላይ መሪው ጭራው ወደሚሄድበት ጎን ይዞራል። ከዚያ በኋላ ጥቂት በጥቂት ነው። በሁለቱም ስፖኪዮ ጎማዎቹን ተመልከቱ፣ በትንሹ ማርሽ እንደ ኤሊ ሂዱ፤ መታጠፉ ከበዛ ወደ ፊት ሳብ አድርጋችሁ አቃኑና እንደገና ጀምሩ። ወደ ፊት መመለስ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ወደ ኋላ እየገፉ ማቃናት ነው ቱቦ የሚበጥሰው። በጠዋት አዘዞ አካባቢ ባዶ ሜዳ ፈልጋችሁ፣ የምትፈተኑበትን የተሳቢ ዓይነት አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ፣ በዚያው ዓይነት ተለማመዱ። ካሜራና በስልክ የሚታዩ ትምህርቶች የስፖኪዮን ያህል አያስተምሩም።

የአየር ቱቦዎቹን ስታያይዙ የመኪናውን የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ለተሳቢው ጎማ ታኮ አድርጉ። መጀመሪያ ቢጫው፣ ቀጥሎ ቀዩ ይገባል፤ በቀዩ አየር ሲሞላ የተሳቢው ፍሬን ስለሚለቅ፣ የእግር ፍሬኑን ትእዛዝ የሚያደርሰው ቢጫው ቀድሞ መያያዝ አለበት። ስትፈቱ ቀዩን አስቀድሙ።

ፈቃዱ እጃችሁ ሲገባ ጭነት ይዛችሁ ወዲያው ወደ ደባርቅና ሊማሊሞ አትውጡ። የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች በባሕር ዳር መንገድ አድርጉ። ሊማሊሞን የምትወርዱበት ቀን ሲደርስ ማርሹን አፋፉ ላይ ሳላችሁ ቀንሱ፤ ቁልቁለቱ ከያዛችሁ በኋላ ከባድ መኪና ማርሽ ላይገባለት ይችላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ መኪናውን መያዝ ያቅተዋል።