ድምፁ እየተሰማ ቃሉ ለማይለይላቸው አረጋውያን፦ ቤተሰብ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነሐሴ ላይ ደሴ ቤታችን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ቡና ይጠጣል። እህቴ «በሬውን እኮ ሸጠው» ስትል አባባ «ለማን ነው የሰጠው?» ብለው ተቆጡ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አባባ ሲኒያቸውን አስቀመጡ፤ እስከ በረካ ድረስ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ያ ሳቅ ዛሬም ይቆረቁረኛል፤ ጥፋቱ የእኛ ነበርና።

መጮህ። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። አናባቢዎች ጉልህ ስለሆኑ ይሰማሉ፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ ግን ስስ ናቸው፤ ዝናብም ሆነ የባጃጅ ድምፅ ይውጣቸዋል። «ሰጠ»ን ከ«ሸጠ» የሚለየው ደግሞ ያው ስስ ድምፅ ብቻ ነው። ስንጮህ ይበልጥ የሚጎላው አናባቢው ነው፤ የተጎዳ ጆሮም ከፍ ያለ ድምፅ ቶሎ ያሳምመዋል። ስለዚህ ይቅረቡ፣ ረጋ ብለው ይናገሩ። ከሁለት ሜትር ወደ አንድ ሜትር መጠጋት ከጩኸት ይሻላል።

ፊትን መሰወር። ከጓዳ ሆኖ መጣራት፣ አፍን በነጠላ ሸፍኖ ማውራት፣ ብርሃን ከኋላ አድርጎ በር ላይ መቆም። አረጋውያን ሳያውቁት ከንፈር ያነባሉ። ፒያሳ ካፌ ከገባችሁም ከቡና ማሽኑና ከመንገዱ የራቀ ጥግ ምረጡላቸው።

ያንኑ ቃል መደጋገም። «ሸጠው» ሁለቴ ካልተሰማ ሦስተኛው አይረዳም። «ገበያ ወስዶ ገንዘብ ተቀበለበት» ብንል ኖሮ አባባ ባልተቆጡ ነበር።

«ተዉት፣ ምንም አይደለም» ማለት። ለእኛ አጭር መልስ ነው፤ ለእሳቸው ግን ከጨዋታው ውጡ እንደማለት ነው። እባካችሁ ይህን ተዉ።

አረጋውያንም የራሳቸው ስህተት አለባቸው፦ ሳይሰሙ «ገባኝ» ብለው ራስ መነቅነቅ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ይህ አደጋ ነው። «በቀን ሁለቴ ነው ያልከኝ?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሁሉን በእርጅና ማሳበብ። አንዳንዴ ጆሮውን የደፈነው ኩክ ብቻ ነው፤ ሐኪም ያወጣዋል፤ ክብሪት እንጨት ግን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ታምቡርም ሊበሳ ይችላል። የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከጠፋ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

በመስሚያ መሣሪያው ቶሎ ተስፋ መቁረጥ። ስንት ገንዘብ ወጥቶበት መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ብዙ ነው። መሣሪያው ጫጫታውንም ያጎላል፤ አንጎል እስኪለምደው ሳምንታት ይወስዳል። መጀመሪያ ጸጥ ባለ ቤት ከአንድ ሰው ጋር፣ ቀጥሎ ቡና ላይ፣ ከዚያ ለቅሶ ቤትና ድንኳን፤ ሰኞ ገበያ መጨረሻ ላይ ይደረስበታል።