ፎር ዊል መኪና ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ፎር ዊል መኪና ድምፅ ማሰማት ወይም ማሰር ሲጀምር ጋራዥ ውስጥ ቶሎ የሚሰማው ፍርድ "ዲፈረንሻሉ ሄዷል" የሚል ነው። ዲፈረንሻል፣ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ማርሽ፣ ውድ ነው፤ ማውረዱ ብቻ ብዙ ብር ይበላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ጎማው፣ ዘይቱ ወይም አነዳዱ ላይ ነው። ስለዚህ ምንም ብሎን ሳይፈታ አንድ ጥያቄ ይመለስ፦ መኪናችሁ የትኛው ዓይነት ፎር ዊል ነው? አንዱ ላይ ብልሽት የሆነው ምልክት ሌላው ላይ ጤነኛ ጠባይ ነው።

ዓይነቱን መለየት

የመጀመሪያው ዓይነት ነጂው ራሱ የሚያስገባው ነው። ሀይሉክስ፣ ላንድክሩዘር 70፣ ጂምኒና የድሮው ቪታራ እዚህ ይመደባሉ። ፎር ሲገባ የፊትና የኋላው በቀጥታ ይቆላለፋሉ። መሐል ላይ ዲፈረንሻል የለም።

ሁለተኛው ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚሄደው ነው። አብዛኞቹ ፕራዶዎች፣ በ1994 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው የመጀመሪያው ራቭ ፎር ባለ ፎር ዊሉ፣ በ2005 የወጣው ግራንድ ቪታራ እንዲህ ናቸው። የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ የመሐል ዲፈረንሻል አላቸው።

ሦስተኛው ሲያስፈልግ ብቻ ኋላውን የሚይዘው ነው። ከ2006 ሞዴል ጀምሮ ያለው ራቭ ፎር፣ ቱሳን፣ ሲአርቪ እና ቲጓን። በደረቅ አስፋልት በአብዛኛው በፊት ጎማ ይሄዳሉ። የፊቱ ሲንሸራተት ከኋላ ያለው ኮፕሊንግ (ጉልበት የሚይዝና የሚለቅ ማገናኛ) ተጨብጦ ለኋላ ጎማዎች ጉልበት ይሰጣል። አውቶማቲክ ሱባሩ በሁለተኛውና በሦስተኛው መሐል ነው፦ ኋላው ሁልጊዜ የተወሰነ ጉልበት ያገኛል፣ መጠኑን ግን ካምቢዮው ውስጥ ያለ ኮፕሊንግ ይወስናል።

ለከተማና በክረምት ለሚጨቀይ የሰፈር መንገድ ሦስተኛው ይበቃል ባይ ነኝ። ሥራው ገጠር፣ ጭቃና አሸዋ የሆነ ሰው ግን የመጀመሪያውን ይያዝ።

ምልክት፦ መሪ ሲጠመዘዝ መኪናው ያስራል፣ ይዘላል ወይም ያጓራል

በጣም የተለመደው ስሞታ ይህ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ በዝግታ ስትሄዱ መኪናው ፍሬን የተያዘ ይመስላል። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፦ ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ይሄዳሉ። ያንን ልዩነት የሚያስተናግድ ነገር ከሌለ ወይም ከተበላሸ ጉልበቱ ጎማውንና ማርሹን ያስጨንቃል።

መኪናው ሀይሉክስ ወይም ጂምኒ ከሆነ፣ ምናልባት ፎር ገብቶ በደረቅ አስፋልት እየነዳችሁ ነው። ብልሽት አይደለም፤ አነዳዱ ነው። ወደ ሁለት መልሱት። አልወጣ ካለ በማርሽ ጉልበት አትታገሉት። ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ፣ ውጥረቱ ሲላላ ይወጣል። ፕራዶና ግራንድ ቪታራ ላይ ደግሞ የመሐል ዲፈረንሻሉን የሚቆልፈው ሎክ ሳይጠፋ ቀርቶ እንደሆነ እዩ።

መኪናው የ1990ዎቹ ወይም የ2000ዎቹ ሲአርቪ ከሆነና ድምፁ ከኋላ የሚመጣ ጉርምርምታ ከሆነ፣ ዘይቱን ጠይቁ። የእነዚህ መኪኖች ኋላ ውስጥ ሁለት ፓምፖችና የሚጨበጡ ሳህኖች አሉ። ሆንዳ ለዚህ ብቻ የሠራው ዱዋል ፓምፕ ፍሉይድ የሚባል ዘይት አለ። ዘይቱ ካረጀ፣ ወይም አንዱ መካኒክ ተራ የዲፈረንሻል ዘይት ከሞላበት፣ ሳህኖቹ እየያዙ እየለቀቁ ያንቀጠቅጡታል። መፍትሄው ዘይቱን በትክክለኛው መቀየር ነው። ከዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ መሪውን ጥግ አዙሮ በሁለቱም አቅጣጫ ጥቂት ዙር መንዳት፤ አዲሱ ዘይት ሳህኖቹ መሐል ይገባል። ካልጠፋ አንዴ ድገሙት። እባካችሁ ይህን ሳትሞክሩ ኋላውን አታስወርዱ። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ መካኒኩ ከታች ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ከመፍታቱ በፊት ከላይ ያለው የመሙያው ብሎን እንደሚፈታ ያረጋግጥ። ዘይቱ ፈሶ መሙያው አልፈታ ካለ መኪናው እዚያው ቀረ።

ሱባሩ ከሆነ ጎማ ለኩ። ሱባሩ በአራቱ ጎማዎች የዙሪያ ርዝመት መካከል የሚፈቅደው ልዩነት ሩብ ኢንች፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከጎማው ጥርስ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ማለት ነው። 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው አዲስ ጎማ ከፊት፣ 4 ሚሊ ሜትር የቀረው ከኋላ ብትገጥሙ የዙሪያቸው ልዩነት 25 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከሚፈቀደው አራት እጥፍ ነው! ኮፕሊንጉ ቀጥ ባለ መንገድ እንኳ ሳያርፍ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ጎማው መሐል ላይ ጠምጥማችሁ አራቱንም ለኩ። እኛ ዘንድ ሁለት ጎማ ብቻ መቀየር፣ ከዚያም ባሰ የተለያየ ብራንድ ማደባለቅ የተለመደ ነው፤ ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም ዓይነት ፎር ዊል ጠንቅ ነው። ጎሚስታው ጋ ስትሄዱ በአራት ግዙ፣ በየጊዜው የፊቱን ከኋላ አዟዙሩ። ጎማው እኩል ሆኖ ማሰሩ ከቀጠለ የካምቢዮ ዘይት መቀየር ይሞከራል፣ ኮፕሊንጉ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። የቆዩት አውቶማቲክ ሱባሩዎች ሞተር ክፍል ውስጥ ባዶ የፊውዝ ቦታ አላቸው። ፊውዝ ሲገባበት ኋላው ይለቀቃል። ያኔ ማሰሩ ከጠፋ ኤሌክትሪኩ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ምልክት፦ ጭቃ ላይ የፊት ጎማ በባዶ ይሽከረከራል፣ ኋላው አያግዝም

በመጀመሪያ ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ አለ? ያገለገለ መኪና ላይ ድምፅ ለማጥፋት ወይም ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ዘንጉ ተፈቶ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ላይነግራችሁ ይችላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዩ።

ሀይሉክስና ላንድክሩዘር 70 ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ኋላው ይሽከረከራል፣ ፊቱ አያግዝም። የፊት ጎማ እምብርት ላይ በእጅ የሚዞር ሎክ ያለው ሞዴል አለ። መብራቱ በርቶ፣ ማርሹ ፎር ገብቶ፣ እምብርቱ ግን ፍሪ ላይ ከቀረ ፊቱ አይጎትትም። ሁለቱንም ወደ ሎክ አዙሩ። ፎሩ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ከቆየ ሊደርቅም ይችላል። ቶዮታ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር መንዳትን ይመክራል፤ በኮረኮንች ላይ አድርጉት።

ቲጓንና ሌሎች የፎልክስዋገን ቤተሰብ መኪኖች ሃልዴክስ የሚባል ኮፕሊንግ አላቸው። ከ2013 ገደማ ወዲህ ባለው አምስተኛው ትውልድ ላይ ደካማው ቦታ ፓምፑ ላይ ያለች ትንሽ ወንፊት ናት። ከሳህኖቹ የሚረግፈው ብናኝ ይደፍናታል፣ ፓምፑ እየታገለ ይቃጠላል። ዘይት ብቻ መቀየር አይበቃም። ፓምፑ ወጥቶ ወንፊቷ ትታጠብ፣ በየ3 ዓመቱ። ይህን በጊዜው ያደረገ ሰው ፓምፕ ከመግዛት ይድናል።

ራቭ ፎርና ቱሳን ላይ ኋላውን አስይዞ የሚያቆየው ሎክ የሚለው ቁልፍ በራሱ ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲታለፍ እንዲለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው።

ምልክት፦ የፎር ዊል መብራት ይበራል

አሸዋ ወይም ጭቃ ውስጥ ስትታገሉ ከበራ ኮፕሊንጉ ግሏል። ቁሙ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየሠራ ይቀዝቅዝ። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ከኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይታሰር የሚከላከለው ሲስተም) መብራት ጋር አብሮ ከበራ ግን ኋላውን ተዉት፣ የጎማ ፍጥነት የሚለካውን ሴንሰር ፈትሹ። ኮምፒውተሩ ጎማ መንሸራተቱን የሚያውቀው በዚያው ሴንሰር ነው። በጭቃ የተሸፈነ ወይም ሽቦው የተቆረጠ አንድ ሴንሰር ሁለቱንም ሲስተም ያቆማል። መካኒኩ በመመርመሪያው ኮዱን ያንብብ፤ በግምት አይቀየር።

ምልክት፦ ፍጥነት ሲጨምር ጉምጉምታ

መሪውን በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዙ፣ መንገዱ ክፍት ሲሆን ብቻ። ወደ ግራ ስትዞሩ ድምፁ ካየለ ክብደቱ ያረፈበት የቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። በመሪው ካልተለወጠ ወይ ጎማው እኩል ሳይሆን ተበልቷል፣ ወይ የረጅሙ ዘንግ መሐል ኩሽኔታ፣ ወይ የኮፕሊንጉ ወይም የኋላው ዲፈረንሻል ኩሽኔታ ነው። የፊቱንና የኋላውን ጎማ አቀያይሩ፤ ድምፁ ቦታ ከለወጠ ጎማው ነው። ስትነሱ "ቋ" የሚል ከሆነ ደግሞ የዘንጉን መጋጠሚያ እዩ።

መኪናው ቆሞ ሲጎተት

ሁለት ጎማ ተነስቶ ሁለቱ መሬት እየነኩ መጎተት ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓይነት አደገኛ ነው። አንዱ ጥንድ ሲዞር ሌላው ስለቆመ ኮፕሊንጉ ወይም የመሐል ዲፈረንሻሉ ይጎዳል። አራቱም ጎማ ከመሬት የሚነሳበት የጭነት መኪና ጥሩ። ለዓመታዊ የቦሎ ምርመራ ስትሄዱም ፍሬኑ በሚሽከረከር ማሽን ላይ የሚፈተሽ ከሆነ፣ መኪናው ፎር ዊል መሆኑንና ሎክ መጥፋቱን ለመርማሪው አስቀድማችሁ ንገሩት።