ወፍ ለማየት ስትወጡ እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ፦ ከስኮትላንድ ባሕር ዳርና ሸለቆ

ባለፈው ቅዳሜ እንደገና አየሁት። አንድ ቤተሰብ ከግላስጎው ድረስ ነድቶ ከኤድንብራ በስተምሥራቅ ወዳለው ባሕር ዳር፣ አበርሌዲ ቤይ መጣ። ልጆቹ አዲስ ባይኖኩላር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። እናትየው ምሳ ቋጥራለች። ባሕሩ ግን የለም። ከፊታቸው ያለው ጭቃና አሸዋ ብቻ ነው። ወፎቹ ከአድማሱ ጋር ተጣብቀው እንደ ጤፍ ፍሬ ደቀዋል። አባትየው «ወፍ ሞልቷል የተባለው እዚህ ነው?» አለኝ። አዎ፣ እዚሁ ነው። አራት ሰዓት ዘግይተው ቢመጡ ኖሮ ወፎቹ ከፊታቸው ነበሩ። የልጆቹን ፊት ሳይ አንጀቴን በላኝ።

ኤድንብራ ስኖር ብዙ ዓመት ሆነኝ። ቅዳሜ ሲሆን ወፍ ለማየት እወጣለሁ፤ መኪናዬ ውስጥም ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት አበሻ አይጠፋም። ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ጀማሪ ሰው ይዤ ስወጣ ደስ ይለኛል፤ ግን ያው ስህተት ሲደጋገም ሳይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

ባሕሩን ሳይጠይቁ መውጣት

ደጋ ላይ ላደግን ሰዎች ባሕር ሄዶ የሚመጣ ነገር መሆኑ ቶሎ አይገባንም። ጣና ጠዋትም ማታም እዚያው ነው። ሐዋሳም እንደዚያው። እዚህ ግን ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። የአገሩ ሰው ታይድ ይለዋል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ ወደ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይወስዳል። ዛሬ ጠዋት በፈረንጅ ሰዓት 10፡00 ላይ ከሞላ፣ ነገ 10፡50 ገደማ ይሞላል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ለጓደኛህ የሠራው ሰዓት ዛሬ ላንተ አይሠራም። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ይቅርታ። ግን ሰው ስለ ካሜራ ሌንስ ሦስት ሳምንት አጥንቶ የታይዱን ሰዓት ለማየት ግማሽ ደቂቃ ሲያጣ ምን ልበል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል። ጭቃው ውስጥ ትልና ጥቃቅን ቀንድ አውጣ አለ። ረጅምና ቆልማማ መንቁር ያለው ከርሉ፣ ቀይ እግር ያለው ሬድሻንክ፣ ትንሹ ደንሊን፣ ሁሉም ለመብላት ይበተናሉ። ቦታው ሰፊ ነው፤ ባይኖኩላር አይደርስባቸውም። ውኃው ሲመለስ ደግሞ የሚበሉበት ሜዳ ይጠባል። ቀስ በቀስ እየተገፉ ወደ ዳር ይመጣሉ። ከሙላቱ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ቦታ ያዙ፣ ተቀመጡ፣ ሻያችሁን ከፔርሙሱ ቅዱ። ወፎቹን ባሕሩ ራሱ ያመጣላችኋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወለድ፣ በዚያ ሰሞን ሙላቱ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል፤ ወፎቹም ይበልጥ ይቀርባሉ። ሞንትሮዝ ቤዚን፣ የአይተን ወንዝ አፍ፣ ማስልብራ፣ የትም ብትሄዱ ሕጉ ያው ነው።

ሰንጠረዡን ስታነቡም አስተውሉ። አንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ በግሪንዊች ሰዓት ነው የሚታተመው። ሰመር ላይ አንድ ሰዓት መጨመር የናንተ ሥራ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ሰመር አንድ ሰዓት እየቀደምኩ ስቆም ከርሜያለሁ።

ደግሞ የራሳችን ሰዓት አለ። ዲሴምበር ላይ ለአንድ ወዳጄ «ሦስት ሰዓት ላይ ማስልብራ እንገናኝ» አልኩት። የጠዋቱን ማለቴ ነበር። እሱ እዚህ ያደገ ልጅ ነው፤ የከሰዓቱን 3፡00 መሰለው። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ተኝቶ ስለነበር ስልክ አላነሳም። እሱ ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ 40 ደቂቃ ነው የቀራት። በዚያ ወር እዚህ በፈረንጅ ሰዓት 8፡40 ገደማ ወጥታ 3፡40 ገደማ ትገባለች። ቀኑ እጅግ አጭር ነው። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ስይዝ 09፡00 ብዬ በቁጥር ጽፌ እልካለሁ።

ታይዱን አለማየት ወፍ ከማጣት የከፋም ያመጣል። ኤድንብራ ጠርዝ ላይ ክራመንድ የምትባል ደሴት አለች። ባሕሩ ሲሸሽ በእግር ይገባል። ሲመለስ መንገዱን ይውጠዋል። እዚያ የቀሩ ሰዎችን የሕይወት አድን ጀልባ ስንት ጊዜ አውጥቷል። ጭቃ ላይ ወደ ውስጥ አትራመዱ። ለፎቶም ቢሆን አትራመዱ።

በአንድ ቀን ሁሉን ማየት

«ጠዋት ሸለቆ፣ ቀን የወንዝ አፍ፣ ማታ የባሕር ገደል» ብሎ ዕቅድ የሚልክልኝ ሰው አለ። ካርታው ላይ ቅርብ ነው። መንገዱ ግን አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ፣ ጠመዝማዛ፣ በግ የሚተኛበት ነው። ቀኑን የምታሳልፉት የመኪና መሪ ጨብጣችሁ ነው። አንድ ቦታ ምረጡ። አንድ ቦታ ላይ አራት ሰዓት የተቀመጠ ሰው አራት ቦታ ከዞረው ይልቅ ብዙ ወፍ ያያል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። በዚያ ጠባብ መንገድ ዳር ያሉት ሰፋ ያሉ ቦታዎች ደግሞ ለመተላለፊያ ናቸው። እዚያ መኪና አቁሞ ወፍ ማየት ክልክል ነው። አምቡላንስም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው።

እንጨት ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ንስር ማለት

አብሮኝ የሚወጣ አዲስ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን «ንስር!» የሚጮኸው አውራ ጎዳና ላይ ነው። አጥር ላይ ወይም የስልክ እንጨት ላይ የተቀመጠ ትልቅ ቡናማ ወፍ ያያል። ያ ባዛርድ ነው። ሲጮህ እንደ ድመት ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከ1 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የወርቃማው ንስር ክንፍ 2 ሜትር ይሆናል። ባዛርዱም የሚያምር ወፍ ነው፤ እዩት፣ ተደሰቱበት፣ በስሙ ጥሩት። እኛ እኮ አዲስ አበባ ላይ ሥጋ የሚነጥቀውን ጭላት ከነጅራቱ ለይተን ያደግን ሰዎች ነን። ዓይኑ አለን። ጭላት ካልኩ አይቀር፣ እዚህ አገርም ቀዩ ጭላት አለ። ከስኮትላንድ ጠፍቶ ነበር፤ ከ1989 ጀምሮ ኢንቨርነስ አጠገብ፣ ብላክ አይል ላይ መልሰው ለቀቁት። ጅራቱ እንደኛው ሹካ ነው፤ አታጡትም።

ንስር ለማየት ከፈለጋችሁ ከኢንቨርነስ በስተደቡብ፣ ከቶማቲን መንደር ወደ ላይ የሚወጣው የፊንድሆርን ሸለቆ አለ። መንገዱ እስከሚያልቅበት ንዱ፣ መኪናውን በተፈቀደው ቦታ አቁሙ፣ ተቀመጡ። ከዚያ የተራራውን ጫፍ መስመር በባይኖኩላር ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ እዩ። ጨርሳችሁ መልሱት። ደግማችሁ ጀምሩ። ቁራዎች በአንድ ጊዜ ተነሥተው ሲጮኹና አንድ ነገር ሲያባርሩ ካያችሁ ወዲያው እዚያ እዩ። ጠዋት በጣም ማልዶ መሄድ እዚህ ላይ ብዙ አይጠቅምም፤ ንስሩ አየሩ ሞቅ ሲልና ነፋስ ሲኖር ነው በደንብ የሚነሣው። እኔ የመጀመሪያውን እስካይ አምስት ጊዜ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ያው ወርቃማ ንስር ባሌ ተራሮች ላይም እንደሚኖር ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። አገሬ እያለሁ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አለመፈለጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነጭ ጅራት ያለው የባሕር ንስር ከሱም ይበልጣል። ከብሪታንያ የመጨረሻው በ1918 ሼትላንድ ውስጥ በጥይት ተመቶ አለቀ። በ1975 ከኖርዌይ ጫጩት እያመጡ ረም ደሴት ላይ መልቀቅ ጀመሩ። ዛሬ የምታዩት ሁሉ ከዚያ ዓይነት ድካም የመጣ ነው። ስታዩት ይህን አስቡ።

መጠጋት

ይህን የምጽፈው ራሴ ያጠፋሁት ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ዊንተሬ ነበር። ባሕሩ ሞልቷል። ዳር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ወፎች ተጠጋግተው፣ አንገታቸውን ክንፋቸው ውስጥ ቀብረው ቆመዋል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስልኬን ይዤ ሄድኩባቸው። በአንድ ጊዜ ተነሡ። ሰማዩ ላይ እንደ ጭስ ተጠማዘዙ። እኔ ትርኢት መስሎኝ ቀረጽኩ።

ከኋላዬ ቴሌስኮፕ ይዘው የቆሙ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። አልጮኹብኝም። ጠጋ ብለው በቀስታ ነገሩኝ። እነዚህ ወፎች የሚበሉት ጭቃው ሲገለጥ ብቻ ነው። ሲሞላ ማረፍ አለባቸው። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ብርዱ ኃይለኛ ነው። ሰው ወይም ውሻ ባስነሣቸው ቁጥር ለሌሊቱ ያስቀመጡትን ስብ ያቃጥላሉ። ቀኑን ሙሉ አምስት ስድስት ሰው እንደኔ ቢያደርግስ? ቪዲዮውን እዚያው አጠፋሁት።

ስለዚህ ወፉ መብላቱን አቁሞ አንገቱን ቀና ካደረገ ቀርባችኋል ማለት ነው። ቁሙ። መራመድ ከጀመረ ወደ ኋላ ተመለሱ። ውሻ ካላችሁ በገመድ ያዙ፤ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ደግሞ መሬት ላይ የሚጥሉ ወፎች ብዙ ስለሆኑ የምር ያዙ።

ጎጆ ላይማ ፈጽሞ። በ1981 የወጣው የዱር እንስሳት ሕግ ንስርን፣ ዓሣ አዳኙን ኦስፕሬይን፣ ተርን ከሚባሉት የባሕር ወፎች ትንሿንና ሌሎችንም ጎጆ ላይ መረበሽ ወንጀል ያደርገዋል። የአይተን ወንዝ አፍ አጠገብ ባለው ፎርቪ አሸዋ ላይ ተርኖቹ የሚፈለፍሉበት ቦታ በመራቢያቸው ወራት ይታጠራል። አጥሩን አትሻገሩ። ካፐርኬሊ የሚባለውን ትልቁን የጫካ ወፍ ደግሞ ፈልጋችሁ አትውጡ። የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። እኔ አይቼው አላውቅም፤ እንዲተርፍ እንጂ እንዳየው አልፈልግም።

ርቀት ወፍ እንደሚያድን ማረጋገጫ የሚፈልግ ሎክ ጋርተን የሚባለው ሐይቅ ጋ ይሂድ። ኦስፕሬይ ከስኮትላንድ ጠፍቶ ቆይቶ በ1950ዎቹ እዚያ ጎጆ ሠራ። በ1958 ሌባ በሌሊት ዛፉ ላይ ወጥቶ እንቁላሎቹ ተሰበሩ። በ1959 ዛፉን ሌት ተቀን ጠበቁት፣ ሰዉም ከሩቅ እንዲያይ መመልከቻ ቦታ አዘጋጁለት። በሺዎች መጡ። ጫጩቶቹም አደጉ። ኦስፕሬይ ዊንተሩን አፍሪካ ነው የሚያሳልፈው፤ ኤፕሪል ላይ ከዛፉ በላይ ሲዞር ሳየው እንኳን በሰላም መጣህ እለዋለሁ።

ሌሎቹን ባጭሩ

ፓፊን የሚባለውን ባለ ቀለም መንቁር የባሕር ወፍ ለማየት ኦገስት አጋማሽ ላይ የሜይ ደሴትን ጀልባ ትኬት አትቁረጡ። ሄደዋል። የሜይ ወር መጨረሻና ጁን ይሻላል።

ባይኖኩላር ስትገዙ 8 በ42 (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) በቂ ነው። ከዚያ በላይ የሚያጎላው በብርድ እጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል።

ሸለቆ ውስጥ፣ ነፋስ በሌለበት እርጥብ ምሽት፣ ሚጅ የምትባል ዓይን የማይሞላት ዝንብ ትበላችኋለች። ሰመር ላይ የራስ መረብ ያዙ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባል በሽታ ያመጣል። ቤት ስትገቡ የልጆቹን ጉልበት ጀርባና ብብት እዩ።

የሞተ ወፍ አትንኩ። በ2022 የወፍ ጉንፋን ባስ ሮክ በሚባለው የባሕር ዓለት ላይ የነበሩትን ጋኔት የሚባሉ ትልልቅ ነጭ የባሕር ወፎች እንዴት እንዳረገፈ ኖርዝ በሪክ ዳር ቆሜ አይቻለሁ። በ2014 ከ75,000 በላይ የተያዙ ጎጆዎች ተቆጥረውበት ነበር፤ በ2023 ወደ 52,000 ወርደዋል። ከበሽታው የተረፉት የአንዳንዶቹ ሰማያዊ ዓይን ጥቁር ሆኗል። ሕፃናት ላባ ማንሣት ይወዳሉ፤ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤት መሄድ

ኦክቶበር ላይ አበርሌዲ ስሄድ ሁልጊዜ ያው ነገር ይገጥመኛል። ሊመሽ ሲል ሰዉ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ መኪናው ይሄዳል። በርዶታል፣ ደክሞታል፣ ይገባኛል። ግን በዚያች ሰዓት ነው ዝይዎቹ የሚመጡት። ፒንክ ፉት ይባላሉ። ከአይስላንድና ከግሪንላንድ ናቸው። ቀኑን እርሻ ላይ ሲበሉ ውለው ለማደር ወደ ባሕሩ ይመለሳሉ። መጀመሪያ ድምፃቸው ብቻ ነው የሚሰማው፤ ከሩቅ፣ ብዙ ሰው በአንድ ላይ የሚያወራ ይመስላል። ቀጥሎ አንድ መስመር፣ ከዚያ አሥር መስመር፣ ከዚያ ሰማዩ በሙሉ። ከራሳችሁ በላይ ሲያልፉ የክንፋቸው ነፋስ ይሰማል።

ተጨማሪ ጃኬት፣ ጓንትና የእጅ ባትሪ ያዙ። አበርሌዲ ላይ ወደ መኪናው ስትመለሱ ያለችውን የእንጨት ድልድይ ስትሻገሩ ባትሪውን ወደ መሬት አድርጉት። መኪናው ጋ ስትደርሱም በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉ፤ ገና የሚያርፉ አሉ።