ፀሐይ 9 ሰዓት ሳይሞላ ስትጠልቅ

ቤቴ ሱሉልታ ነው፣ እንጦጦን ተሻግሮ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሯጮች ተከታትለው በሜዳው ያልፋሉ። በታኅሣሥ ውርጩ ገና ከሣሩ አልለቀቀም። አንዳንድ ቀን ታዲያ እንዴት ቀስ እንደሚሉ ብታዩ! ወተት ይዛ ወደ አስፋልት የምትወጣ ሴት ልትቀድማቸው ትንሽ ነው የሚቀራት። መጀመሪያ ሳያቸው ያመማቸው መስሎኝ ነበር። አንዱን ጠየቅኩት። «ዛሬ ኢዚ ነው» አለኝ። ትናንት ጉድ እስኪባል ሮጠዋል፣ ዛሬ እግር ይፍታታል፣ ከዚያ ምሳ ተበልቶ ይተኛል። መተኛቱም የልምምዱ አካል ነው።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ደወለችልኝ። ስቶክሆልም ከገባች አራተኛ ወሯ ነው። «ጋሼ፣ ሰነፍ ሆኛለሁ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ብቻ ነው የሚለኝ» አለች። እኔም እዚያ 11 ዓመት ኖሬያለሁና ለሷ ያልኳትን ዘንድሮ ለገባችሁት ሁሉ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኛ ክረምት የምንለው ዝናቡን ነው። የነሱ ክረምት የሚመጣው እዚህ በጋ ሲሆን ነው፤ ዋናው ጉዳይም ብርዱ አይደለም፣ ጨለማው ነው። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስቶክሆልም ላይ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ብርሃን የሚኖረው 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ የለችም። እንቅልፍ ቢጫናችሁ ስንፍና አትበሉት።

እኔ ብዬው ነበር። የመጀመሪያ ክረምቴን ጠዋት ጽዳት፣ ማታ ወጥ ቤት ሠራሁ። እረፍት ቀኔን እስከ 8 ሰዓት ተኝቼ ስነሳ ብርሃኑ ሊያልቅ ነው። አንድ ማታ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ በረዶ ላይ ወደቅኩ። የእጄ አንጓ ተሰበረ፣ ስድስት ሳምንት በጀሶ። ያረፍኩት ያኔ ነው፣ በግድ።

ስለዚህ ማታ በጊዜ ተኙ፣ ጠዋት ግን ብርሃኑን አታስመልጡት። ከ5 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ 20 ደቂቃ ውጡ። ደመና ቢሆንም ውጡ፣ የውጭ ብርሃን ከቤት አምፖል ይበልጣል። ሩጫ አላልኩም። የሚያስፈራው ነጩ በረዶ ሳይሆን እንደ መስታወት ያለው ስስ በረዶ ነው፤ እርምጃ አሳጥሩ፣ በሙሉ ጫማችሁ እርገጡ፣ እጃችሁን ከኪስ አውጡ። ጫማ ላይ የሚታሰር «ብሮዳር» የሚባል ሹል ነገር አለ፣ ግዙት። ኮታችሁ ላይም አንጸባራቂ አንጠልጥሉ፣ በጨለማ ሹፌር ጥቁር ኮት አያይም።

ቤት ውስጥም መላ አለ። ኦርቶዶክስ ለሆነ ሰው ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት እስከ ገና ይዘልቃል፤ ስግደት ለነፍስ ነው፣ ጉልበትና ወገብም ያፍታታል። ሌላው ሙዚቃ ከፍቶ ትከሻውን ያንቀጥቅጥ። ጎረቤት ይሰማል ካላችሁ፣ እስክስታ ድምፅ የለውም።

ቡና ላይ ግን ተጠንቀቁ። ስዊድኖችም የቡና ሰዎች ናቸው፣ ሥራ ቦታ «ፊካ» ሲሉ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ሰው የሚለመደው እዚያ ነው። ችግሩ ጨለመ ብሎ 11 ሰዓት ላይ ጀበና መጣድ ነው። ቶና በረካ ሲባል ሌሊቱ ይነጋል።

ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፣ በዚያ ክረምት ደግሞ የምትበቃ ፀሐይ የለችም። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ድካሙ አልፎ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልባችሁ ካልተነሳ፣ እሱንም እዚያው ተናገሩ። ድብርት ሕክምና አለው፣ ነውር የለውም።

ሌላ ደግሞ፣ በጥቅምት የመጨረሻ እሑድ፣ በፈረንጁ ማለቴ ነው፣ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደኋላ ይመልሳሉ። ከኛ ጋር ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል። እናቶች ሳይተኙ ደውሉ።

ልጅቷ ትናንት ደግማ ደወለች፣ ነፋስ ይሰማል። «እየሄድኩ ነው ጋሼ፣ ምሳ ሰዓቴ ነው» አለች። እናቷ ግን በዚያ ብርድ ልጄን ውጪ አልካት ብላ ተቀይማኛለች።