መብራቱ በዛ ወይስ ቀና አለ? የፊት መብራት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ማታ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመጣ፣ ጠመዝማዛው የሐረጎ ዳገት ላይ ያገኘኝ መኪና ሁሉ ረጅም መብራት ብልጭ አደረገብኝ። አይሱዙው፣ ሲኖትራኩ፣ ሚኒባሱ። ደሴ መግቢያ ላይ ደግሞ ባጃጁ ጭምር። እኔ ግን በአጭር መብራት ነበር የምነዳው። ክሩስኮቱ ላይ ያለችው ሰማያዊ የረጅም መብራት ምልክት እንኳ ጠፍታለች።

አምፖሎቹን ወደ ኤልኢዲ ካስቀየርኩ ሳምንት አልሞላኝም ነበር። በማግሥቱ ጋራዥ ሄድኩ። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ አየና፣ "ጋሼ፣ መብራቱ አልበዛም፤ አቅጣጫውን ስቷል እንጂ" አለኝ። ከታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች ግማሾቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ኤልኢዲን በሃሎጅን ቤት ውስጥ መክተት

የመብራቱ ውስጠኛ መስተዋት የተቀረጸው በሃሎጅኑ፣ ማለትም በተለመደው ባለ ሽቦ አምፖል ውስጥ ለምትበራ ቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦዋ የምትበራበት ቦታ ተለክቶ ነው ብርሃኑ ወደ ታችና ወደ መንገዱ ዳር እንዲወርድ የተደረገው። ኤልኢዲው ቅርጹም ውፍረቱም ሌላ ነው። ብርሃኑ ከሌላ ቦታ ስለሚነሳ መስተዋቱ ይበትነዋል፤ ከፊሉም ወደ ላይ፣ የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ነጂው ግን ይደሰታል። አፍንጫው ሥር ያለው አስፋልት ቀን ይመስላላ! ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ቅርቡ ሲያበራ ዓይን እሱን ይለምድና ሩቁ ይብሱን ይጨልምበታል። እኔም የተሻለ የማይ ይመስለኝ ነበር።

ካርቶኑ ላይ 6000 ወይም 8000 ኬልቪን ተብሎ የሚጻፈው ደግሞ የብርሃኑን ቀለም እንጂ ጉልበቱን አይናገርም። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። በቃ።

ዋት መጨመር

ረጅሙንና አጭሩን በአንድ የያዘው የተለመደው ኤች 4 አምፖል 60/55 ዋት ነው፤ 60ው ለረጅሙ፣ 55ቱ ለአጭሩ። 100/90 የሚገጥሙ አሉ። የመኪናው ገመድና የአምፖሉ ሶኬት ግን ለዚያ አልተሠሩም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ሶኬቱ መቅለጥ ጀምሯል ማለት ነው።

አምፖሉን በግድ መወተፍ

ኤች 4 ሦስት ጆሮ አለው። ሰፊው ወደ ላይ ነው የሚሆነው። ብዙ መኪና ላይ እጅ በደንብ ስለማይገባ በዳሰሳ ይገጠማል፤ ትንሽ ከተጣመመ ብርሃኑ ሰማይ ያያል። አምፖል ከቀየራችሁ በኋላ ሰው መብራታችሁን መጥላት ከጀመረ መጀመሪያ ይህን እዩ። ብዙ ጊዜ ወጪ የለውም።

በዓይን ግምት ማስተካከል

"ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ሩቅ አይታየኝም" ብለን ካቻቢቴ እናስነሳለን። ልኩ እንዲህ ነው። ለጥ ባለ ቦታ ከግድግዳ 5 ሜትር ራቁ። ከመሬት እስከ መብራቱ መሃል ያለውን ከፍታ ለኩና ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምሩ። አጭር መብራት ስታበሩ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በስተቀኝ ትንሽ ቀና ቢል ግድ የለም፤ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ግድግዳው ላይ የ5 ሳንቲ ሜትር ስህተት 50 ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ይሆናል።

(ደሴ ላይ ለጥ ያለ ቦታ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ እውነታችሁን ነው። እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ ነው የለካሁት።)

ከመለካታችሁ በፊት ጎማው ልኩን ይነፋ፤ ነጂውም ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። ጭነትም አይረሳ። ኋላው ሲከብድ አፍንጫው ቀና ይላል፣ መብራቱም አብሮ። ብዙ መኪኖች ከመሪው አጠገብ 0፣ 1፣ 2፣ 3 የተጻፈባት ትንሽ የምትሽከረከር ቁልፍ አለቻቸው። ቁጥሩ ሲጨምር መብራቱ ዝቅ ይላል። ፒክአፕ ላይ ኋላ ባሌስትራ ካስጨመራችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ባዶውን ሲሄድ አፍንጫው ይደፋል፣ መብራቱም ቅርብ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እንደገና መለካት ነው።

ያገለገለ መብራት አገሩን ሳይጠይቁ መግዛት

እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው። በግራ ከሚነዳ አገር የመጣ መብራት ግን ቀና የሚለው በግራ በኩል ነው፤ እዚያ የመንገዱ ዳር እሱ ነውና። እኛ ዘንድ ግራው ላይ ያለው የሚመጣው መኪና ነው። እንዲህ ዓይነቱን መብራት በካቻቢቴ አታድኑትም።

ጋዝ ሲረገጥ የሚደምቀውን ችላ ማለት

ሞተሩ ሲጮህ መብራቱ አብሮ በጣም የሚደምቅ ከሆነ ዲናሞውን አስፈትሹ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ በቴስተር ሲለካ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ነው ጤናው። 15 ካለፈ ቮልቱን የሚቆጣጠረው የዲናሞው ሬጉሌተር ሳይበላሽ አይቀርም። አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል፤ ባትሪውም ይፈላል።

ሁልጊዜ ሌላውን መውቀስ

የሁሉም ሰው መብራት የሚበዛባችሁ ከሆነ ፓራብሬዛውን በውስጥ በኩል ጥረጉት። በጣት ስትነኩት ቅባት ካለው ያ ቅባት ነው ብርሃኑን የሚረጨው። ጽዱ ከሆነም ዓይናችሁን ታዩ። የዓይን ሞራ ሲጀምር አንዱ ምልክቱ የማታ መብራት መበተን ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ያለው ቅርባችን ነው።

ሐረጎ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከታች የሚወጣ መኪና ጥምዝ ላይ አፍንጫው ቀና ስለሚል፣ አጭሩም መብራት ለሚወርደው ረጅም ይመስለዋል። ሁለት ሰከንድ ጠብቁት። እልህ ተጋብቶ ረጅም መልሶ ማብራት ሁለት የታወሩ ነጂዎች ገደል አፋፍ ላይ ማገናኘት ነው። ዓይንን ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ ማድረግና ፍጥነት መቀነስ ይሻላል። የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድም ረጅም መብራት አይረዳም፤ ብርሃኑ ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ነጭ ነጠላ ይዘረጋባችኋል።

እኔ ሃሎጅኔን መልሻለሁ። ባለፈው እሑድ ግን አንዱ ሲኖትራክ እንደገና ብልጭ አደረገብኝ። ስረግመው ቆየሁና ቤት ስደርስ ትዝ አለኝ፤ ኋላ ኩንታል ጤፍ ጭኛለሁ፣ ቁልፏ ግን 0 ላይ ናት።